የአባ ኮዳዋ ጨዋታ፦ ወደ ቪዲዮ ጌም ሥራ ስለሚያስገባ ፖርትፎሊዮ

(በሐዋሳ ከተማ ለተማሪዎችና ለጀማሪ ጌም ሠሪዎች በቃል የቀረበ ንግግር ነው። ለንባብ እንዲመች የተደጋገመው ተነሥቶ፣ በስክሪን የታየው ደግሞ በቃላት ተገልጾ ቀርቧል።)

የተከበራችሁ ታዳሚዎች፤

ስለ ቪዲዮ ጌም ሥራ ሲነሣ ብዙ ጊዜ የሚወራው ስለ ገንዘቡ ብዛትና ስለ ጥቂት ዕድለኞች ነው። እኔ ዛሬ የምናገረው ከዚያ በጣም ስለሚጠብ ጉዳይ፣ ስለ ፖርትፎሊዮ፣ ማለትም የሥራ ናሙናችሁን ስለምታሳዩበት ገጽ ነው፤ ማመልከቻችሁን የሚከፍተው ሰው ምን እንደሚያይ፣ ምንስ ፈልጎ እንደሚያጣ። ለዚህ የሚያበቃኝ ነገር ቢኖር ሁለት ነው። አንደኛ፣ እዚሁ ሐዋሳ አድጌ፣ የጥናት ሰዓቴን በጆተኒና በፕሌይስቴሽን ቤት ስጨርስ ኖሬ፣ በኋላም ከዚሁ ከተማ ሳልወጣ ለአንድ የውጭ አገር ስቱዲዮ በሌቭል ዲዛይነርነት፣ ማለትም ተጫዋቹ የሚያልፍባቸውን ቦታዎችና ፈተናዎች በመንደፍ፣ ተቀጥሬ እሠራለሁ። ሁለተኛ፣ ስቱዲዮው አዲስ ሰው በፈለገ ቁጥር የአመልካቾችን ሥራ አስቀድመው ከሚመለከቱት ሰዎች አንዱ እኔ ነኝ።

ይህ ምልከታ የሚካሄደው የቀኑ ሥራ ካለቀ በኋላ፣ ዓይን በደከመበት ሰዓት ነው። ከፊቴ የሊንክ ዝርዝር አለ፤ ለእያንዳንዱ በመጀመሪያው ዙር የምሰጠው ጊዜ ከሁለትና ከሦስት ደቂቃ አያልፍም። ሲቪውን ቀድሜ አላነብም፤ ሊንኩን እከፍታለሁ። መጀመሪያ የሚቀበለኝ የአመልካቹ ፎቶግራፍና ከልጅነቱ ጀምሮ ለጌም ያለውን ፍቅር የሚተርክ ረጅም ጽሑፍ ከሆነ፣ ሥራውን ፍለጋ ወደ ታች እወርዳለሁ። ጨዋታውን ለማየት ሁለት ጊጋባይት የሚያህል ፋይል ማውረድ ካለብኝ፣ ሌላ ቀን እመለስበታለሁ ብዬ አልፈዋለሁ፤ ያ ሌላ ቀን ግን አይመጣም። ይህን የምናገረው ኮርቼበት አይደለም። የምታመለክቱለት ሰው ክፉ ሳይሆን የደከመ ሰው መሆኑን ብታውቁ ገጻችሁን በሌላ መንፈስ ታሰናዱታላችሁ ብዬ ነው።

እኔ ራሴ መጀመሪያ ያመለከትሁበት ገጽ አሥራ አንድ ሥራዎች ነበሩበት። ግማሽ ድረስ የተሠራች ከተማ ነበረች፤ መንኮራኩሯ የማይዞር መኪና ነበረች፤ ጎራዴውን እያወዛወዘ የሚመታው ጠላት ያጣ ጦረኛም ነበረ። ገጹን ለማሳመር ብቻ አንድ ሙሉ ወር ፈጅቻለሁ፤ አዝራሮቹ ጣት ሲነካቸው ያበሩ ነበር። አባቶቻችን «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ያሉት ለእንደኔ ዓይነቱ ሰው ነው። ለብዙ ስቱዲዮዎች ላክሁት፤ ሁሉም ዝም አሉ። ከአንዱ ብቻ ሁለት ዓረፍተ ነገር መጣልኝ፦ «ከእነዚህ ያለቀው የትኛው ነው? እሱን ልጫወተው።» ያለቀ አልነበረኝም። ለዚያ ሰው መልስ ሳልጽፍለት ቀረሁ፤ አፍሬ ነበር።

በኋላ እኔም በዚያ ሰው ወንበር ስቀመጥ ጥያቄው ከየት እንደመጣ ገባኝ። የጨዋታ ጅማሬ ሁሉ ደስ ይላል፤ ማንም ሰው በአንድ ቅዳሜና እሑድ የሚሮጥና የሚዘል ሰው ሊሠራ ይችላል። ችግሩ ያለው መጨረሻው ላይ ነው። ተጫዋቹ ሲሸነፍ ምን ይሆናል? በመሐል ስልክ ቢደወልለት ጨዋታው ይጠብቀዋል ወይስ ከመጀመሪያው ያስጀምረዋል? ድምፁን መዝጋት የሚፈልግ ሰው በምን ይዘጋል? ለሁለተኛ ጊዜ የሚጫወት ሰው መግቢያውን እንደገና ለማየት ይገደዳል? እነዚህ ጥያቄዎች ውብ አይደሉም፤ ነገር ግን በስቱዲዮ ውስጥ የምንውልባቸው ጥያቄዎች ናቸው። አመልካቹ እዚያ ድረስ ሄዶ የሚያውቅ መሆኑንና አለመሆኑን በዘርፉ የቆየ ሰው በሦስት ደቂቃ ይለየዋል።

ያለቀ ስል ትልቅ ማለቴ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2005 በአሜሪካ ዋሽንግተን ግዛት፣ ዲጂፔን በተባለ የቴክኖሎጂ ተቋም የሚማሩ ጥቂት ተማሪዎች «ናርባኪዩላር ድሮፕ» የሚባል ጨዋታ ሠርተው በነፃ ለቀቁ። ሐሳቡ አንድ ብቻ ነው፦ ተጫዋቹ በግድግዳና በወለል ላይ ሁለት በሮች ይከፍታል፤ በአንደኛው የገባ በሌላኛው ይወጣል። ቫልቭ የተባለው ኩባንያ ተማሪዎቹን ቢሮው ድረስ ጠርቶ ጨዋታውን ካየ በኋላ ቡድኑን ቀጠረው፤ ያው የሁለት በሮች ሐሳብ አድጎ እ.ኤ.አ. በ2007 «ፖርታል» ሆኖ ወጣ። ብዙ ሰው ይህን ታሪክ የሚያነሣው ስለ ቅጥሩ ነው። እኔን የሚገርመኝ ግን የልዕልቲቱ ጉልበት ነው። የተማሪዎቹ ጨዋታ ጀግና መዝለል የማትችል ልዕልት ናት፤ ስሟም በእኛ ቋንቋ «ጉልበት የለሽ»፣ የሚታጠፍ የእግር ጉልበት የሌላት፣ እንደ ማለት ነው። ዝላይ ከሌለ ወደ ላይ መውጫው መንገድ በሩ ብቻ ይሆናል፤ ስለዚህ ተጫዋቹ ያለ ምንም ማብራሪያ ወደ ዋናው ሐሳብ ይገፋል። የጎደለው ነገር የጨዋታው ሕግ ሆነ፤ በስሟም ቀልድ ሆነ። ፖርትፎሊዮ ማሳየት ያለበት እንዲህ ያለውን ውሳኔ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ምን እንደሠራችሁ ብቻ ሳይሆን ምን እንደተዋችሁና ስለምን እንደተዋችሁት።

አሁን ወደ ራሴ ትንሽ ጨዋታ ልምጣ፤ ለአብነት የማቀርበው ሁሉ ከእሷ ስለሚወጣ ነው።

ሐይቁ ዳር ወዳለው የዓሣ ገበያ፣ ወደ አሞራ ገደል፣ ያልሄደ ሐዋሳዊ እዚህ አዳራሽ ውስጥ አይኖርም። ጠዋት ጀልባዎቹ ሲመለሱ ዓሣ የሚበልቱት ልጆች ቢላቸውን ይዘው ይቀመጣሉ፤ አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎችም ሽማግሌ ለሽምግልና እንደተሰየመ ክብ ሠርተው ይቆማሉ። ልጁ ዓሣውን ካየ ወፉ አንድ እርምጃ ይጠጋል፤ ልጁ ቀና ካለ ወፉ ምንም እንዳላደረገ ሰው ሌላ ቦታ ያያል። አንድ ቀን ይህን ቆሜ ሳይ ከአሥራ አንዱ ጅምሮቼ የትኛውም ያልነበረው ነገር ከፊቴ እንዳለ ተረዳሁ። ሕጉ በሁለት መስመር ይጻፋል፦ ዓሣ እየበለታችሁ ወፍ ማባረር አይቻልም፤ ወፍ እያባረራችሁ ዓሣ መበለት አይቻልም። ጨዋታዋ አንድ ስክሪን ብቻ አላት፤ በአንድ አውራ ጣት ትጫወታለች፤ ሦስት ደቂቃ ትፈጃለች። በሦስት ሳምንት ትጠናቀቃለች ብዬ ያሰብኋት አራት ወር ወሰደችብኝ።

ከአራቱ ወራት ይልቅ ያስተማረኝ ግን አንድ ከሰዓት በኋላ ነው። ጨዋታዋ ለመጫወት ስትበቃ ስልኬን ይዤ ድሮ የምውልበት ዓይነት ጌም ቤት ሄድሁና ባለቤቱን አስፈቅጄ ተራ ለሚጠብቁ ልጆች ሰጠኋቸው። ለራሴ ያወጣሁት ሕግ አንድ ነበር፦ አልናገርም። የመጀመሪያው ልጅ አሥራ ሁለት ዓመት ቢሆነው ነው። ዓሣውን አልነካውም። ሦስቱን ደቂቃ ሙሉ ወፎቹን ብቻ እያባረረ ሳቀ፤ ጨዋታዋም በዜሮ ነጥብ አበቃች። «ዓሣውን ቁረጠው እንጂ» ልለው አፌ ላይ ደርሶ ነበር፤ ምላሴን ነክሼ ዝም አልሁ። ስልኩን ሲመልስልኝ «ጋሼ፣ ወፎቹ ሲባረሩ ነጥብ የላቸውም እንዴ?» አለኝ። ከእሱ ቀጥሎ የተጫወቱት አራት ልጆችም ከአንዷ በስተቀር እንዲሁ አደረጉ።

መጀመሪያ ልጆቹን ወቀስሁ። ቤቴ ገብቼ ደጋግሜ ሳስበው ግን ስሕተቱ የእኔ መሆኑን አመንሁ፤ በጨዋታው ውስጥ የሚያስቀው ነገር ወፉ ሆኖ ሳለ እኔ ነጥቡን ሁሉ ያስቀመጥሁት ዓሣው ላይ ነበር። ስለዚህ ሕጉን ለወጥሁት። ወፉ በቀረበ ቁጥር የሚበለተው ዓሣ ዋጋው ከፍ ይላል፤ በጣም ከቀረበ ግን ይዞት ይበራል። ከዚያ ወዲህ ተጫዋቹ ወፉን ከማባረር ይልቅ ምን ያህል አስጠግቶ እንደሚታገሠው ማስላት ጀመረ። ጨዋታዋ ጨዋታ የሆነችው ያን ዕለት ነው።

የዚህ ዓይነቱ ጥበብ አንጋፋ ምሳሌ እ.ኤ.አ. በ1985 የወጣው «ሱፐር ማሪዮ ብሮስ» የመጀመሪያ ደረጃው ነው። አንድም የማስተማሪያ ቃል ሳይኖር ከፊት ለፊት አንድ ጠላት ይመጣል፤ ያልዘለለ ተጫዋች በጥቂት ሰከንድ ውስጥ ይሞትና እንደገና ይጀምራል፤ ያጣው ነገር ጥቂት ስለሆነ አይከፋውም፤ መዝለል እንዳለበት ግን ተምሯል። በእኛም ሰፈር ሰኞ ማክሰኞ የሚጫወት ልጅ ሕጉን በጽሑፍ አላነበበም፤ መሬት ላይ የተሠመረው መስመር ራሱ ይነግረዋል። ሌቭል ዲዛይነር መሆን የምትፈልጉ እንደዚህ ያለውን መስመር አጥኑ።

ታዲያ ይህ ሁሉ በፖርትፎሊዮው ገጽ ላይ እንዴት ይቀመጣል? የእኔ ገጽ ዛሬም እንዲህ ነው። ከላይ የሠላሳ ሰከንድ ቪዲዮ አለ፤ በስቱዲዮ ስም ወይም በሚሽከረከር አርማ ሳይሆን ወፉ ዓሣውን ሲነጥቅ በሚያሳየው ቅጽበት ይጀምራል። ከሥሩ ጨዋታዋ እዚያው ብራውዘር ውስጥ ትከፈታለች፤ ማውረድ አያስፈልግም። ቀጥሎ በአንድ ዓረፍተ ነገር ምን ምን እንደሠራሁ ተጽፏል፤ ድምፁን የቀዳልኝ ጓደኛዬ መሆኑና የወፉን አረማመድ ያስተካከለልኝ ሌላ ሰው መሆኑም አብሮ ተጽፏል። ከዚያ የጌም ቤቱ ታሪክ ይመጣል፦ የመጀመሪያው ሕግ አጭር ቪዲዮ፣ ልጆቹ ያደረጉት በአራት መስመር ጽሑፍ፣ የተለወጠው ሕግ አጭር ቪዲዮ። የልጆቹን ፊትና ስም አላወጣሁም፤ እናንተም አታውጡ። ለቃለ መጠይቅ በተጠራሁ ጊዜ ከአርባ አምስቱ ደቂቃ ግማሹ የሚያህለው ያለፈው በዚህ ክፍል ላይ ነው። ስለ ዲግሪዬ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም።

የሌላውን ሰው ድርሻ በግልጽ የመጻፍን ነገር አቅልላችሁ እንዳታዩት እለምናችኋለሁ። ከኢንተርኔት የተገዛ ወይም በነፃ የተወሰደ ሥዕል መጠቀም ነውር አይደለም፤ በሰው ሠራሽ አስተውሎት የተሠራ ምስል ማስገባትም በየስቱዲዮው የተለያየ ፍርድ ያለው ጉዳይ ነው። ነውሩ መደበቅ ነው። ሦስት ሰዎች በሠሩት ጨዋታ ላይ ሦስቱም «እኔ ሠራሁት» ብለው ሲያመለክቱ አይቻለሁ፤ ሦስቱም ወደቁ፤ ከመካከላቸው አንዱ ግን በእርግጥ ጎበዝ ነበረ።

እስካሁን የተናገርሁት በራሴ ሙያ ዓይን ነው። ለፕሮግራመር የሚታየው ኮዱ ነው፤ ጊትሃብ በተባለው የኮድ ማስቀመጫ ድረ ገጽ ላይ በሥርዓት ተቀምጦ፣ አንድ ከባድ ችግር እንዴት እንደተፈታ አጭር ማብራሪያ ቢታከልበት ይበቃል። ሠዓሊ ሃያ ሥራ ካለው ከደካሞቹ አሥራ ሁለቱን ያውጣ፤ ተመልካች የሚያስታውሰው ከሁሉ የደከመውን ነውና። አኒሜተር ከአንድ ደቂቃ የማይበልጥ ቪዲዮ ያዘጋጅ፤ ምርጡም መጀመሪያ ይቅደም።

ስለ መሣሪያም ብዙ አልልም። ጎዶት በነፃ የሚገኝ ክፍት ጌም ኢንጂን፣ ማለትም ጨዋታ የሚሠራበት ሶፍትዌር ነው፤ ዳውንሎዱ ትንሽ ነው፤ በደካማ ላፕቶፕም ይሠራል። ባለ ሦስት አውታር ሥዕል የሚሠራበት ብሌንደርም እንዲሁ ነፃ ነው። ዩኒቲ ብዙ የስልክ ጨዋታ ሠሪዎች የሚጠቀሙበት ኢንጂን ነው፤ አንሪል የተባለው ሌላው ኢንጂን ጠንካራ ማሽንና ሰፊ ቦታ ይጠይቃል። ዩኒቲ እ.ኤ.አ. በ2023 ጨዋታ በተጫነ ቁጥር አስከፍላለሁ ብሎ ሠሪውን ሁሉ ካስቆጣ በኋላ በ2024 ሐሳቡን ሰርዞታል፤ ስለዚህ ከአንድ መሣሪያ ጋር በቁርባን አትጋቡ። ሥራችሁን ለማሳየት ኢች ዶት አይኦ (itch.io) በተባለው የጨዋታ ድረ ገጽ ላይ በነፃ መጫን ትችላላችሁ። የኮምፒውተር ጨዋታ መሸጫው ስቲም ለአንድ ጨዋታ 100 ዶላር፣ ጎግል ፕሌይ ደግሞ ለመመዝገቢያ አንድ ጊዜ 25 ዶላር ይጠይቃሉ፤ የውጭ ምንዛሬ ፍለጋ የምትደክሙት ለመሸጥ ስታስቡ ይሁን እንጂ ለፖርትፎሊዮ አያስፈልጋችሁም።

ይልቅ ብዙዎቻችሁ እንደ ጉድለት የምትቆጥሩትን አንድ ነገር ላንሣ። መብራት ይሄዳል፤ ስልኮቻችን ርካሽ ናቸው፤ ዳታ ውድ ነው። ይህ ሁሉ እውነት ነው። ነገር ግን የእኔ ጨዋታ መጀመሪያ የተሞከረበት ስልክ ሁለት ጊጋባይት ሜሞሪ ያለው በመሆኑ ገና በመጀመሪያው ሳምንት ስለ ፍጥነት ለማሰብ ተገደድሁ። ስክሪኑ በሰከንድ ሠላሳ ጊዜ እንዲታደስ ከተፈለገ ለእያንዳንዱ ምስል ያለው ጊዜ 33 ሚሊሰከንድ ያህል ብቻ ነው። የኔ ወፎች ስድስት ሲሆኑ ስልኩ ይህን ጊዜ ያልፍና ይንተባተብ ነበር፤ ምክንያቱን ፈልጌ ያገኘሁት ወፎቹ ላይ ሳይሆን በእያንዳንዱ ወፍ ጥላ ላይ ነው። ጥላውን በአንድ ጠፍጣፋ ሥዕል ተካሁት፤ ማንም ልዩነቱን አላየም። ይህንን ከመለኪያው ቁጥር ጋር ገጼ ላይ አስቀመጥሁት። ኃይለኛ ኮምፒውተር ላይ ብቻ የሚሠራ አመልካች ይህን የመሰለ ታሪክ የለውም።

የፊደላችንም ነገር እንዲሁ ነው። ግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው ዩኒኮድ 3.0፣ ማለትም ኮምፒውተሮች ለየፊደሉ በሚጠቀሙበት ዓለም አቀፍ የቁጥር ዝርዝር ውስጥ ገብቷል፤ እያንዳንዱ ፊደል የራሱ ቁጥር ስላለው እንደ ዓረብኛ እርስ በርሱ የሚያያዝ ቅርጽ አያስቸግርም። ሆኖም ጌም ኢንጂኑ ይዞት የሚመጣው ፎንት ብዙ ጊዜ የእኛን ፊደል አያውቅም፤ «ጀምር» ብላችሁ የጻፋችሁት ሦስት ባዶ ሳጥን ሆኖ ይታያል። ፊደሉን የያዘ ፎንት ስታስገቡ ደግሞ ሌላ ችግር ይመጣል፤ እንግሊዝኛ ከመቶ ባነሱ ምልክቶች ሲሠራ የእኛ መሠረታዊ ክፍል ከ350 በላይ ምልክቶች አሉት፤ ሁሉንም በምስል መልክ ማከማቸት ሜሞሪ ይበላል። እኔ ጨዋታዋ ውስጥ የሚገኙትን ፊደላት ብቻ ለቅሜ አስገባሁ። በአማርኛ፣ በሲዳምኛና በእንግሊዝኛ የሚነበብ ጨዋታ ያሳየ ሰው፣ ጨዋታን ወደ ሌላ ቋንቋ መመለስ ምን እንደሚጠይቅ ያውቃል ማለት ነው፤ ይህን ሙያ የሚፈልግ ስቱዲዮ ጥቂት አይደለም።

ጅምር የማይጨርስ ሰው ካለ፣ እኔ እንደዚያ ነበርሁ፣ ጌም ጃም ይሞክር። ግሎባል ጌም ጃም እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ በየዓመቱ ይካሄዳል፤ የጋራ ርእስ ይሰጥና ብዙ ጊዜ በ48 ሰዓት ውስጥ ጨዋታ ይሠራል። በሁለት ቀን የሚወጣው ነገር ብዙ ጊዜ ደካማ ነው። ጥቅሙ ሰዓቱ ሲደርስ የግድ ማብቃቱ ነው። ጥሩ ከሆነላችሁ አንድ ወር ጨምሩና ወደ ገጻችሁ አስገቡት፤ ካልሆነ አስቀምጡት።

ስለ ሥራ ገበያውም እውነቱን ልናገር፤ ዘመኑ ለጀማሪ ቀላል አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ ላይ ማይክሮሶፍት ከጌም ክፍሉ 1,900 ያህል፣ ሶኒም 900 ያህል ሠራተኞች እንደሚቀንሱ አስታወቁ፤ ሌሎችም ብዙ ቀንሰዋል። ከእናንተ ጋር የሚያመለክተው ሰው አሥር ዓመት የሠራ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ዓይናችሁን ታዋቂ ስሞች ላይ ብቻ አትትከሉ። አዲስ አበባ ውስጥ ቅኔ ጌምስ «ኩኩሉ»ንና «ገበታ»ን ሠርቷል፤ በካሜሩን ያውንዴ የተቋቋመው ኪሮኦ ጌምስ እ.ኤ.አ. በ2016 «አውሪዮን»ን ለዓለም ገበያ አውጥቷል። የማስታወቂያ አኒሜሽን፣ የሕንፃ ዲዛይን በሦስት አውታር ማሳየት፣ ለልጆች ትምህርት የሚሆን አፕ መሥራት፣ እነዚህ ሁሉ በዚያው ሙያ የሚሠሩና እንጀራ የሚያበሉ ናቸው። እኔም ሁለት ዓመት ያህል የኖርሁት በእነሱ ነው።

ከንግግሩ በኋላ ከቀረቡልኝ ጥያቄዎች አንዱን ብቻ እዚህ አሰፍራለሁ። አንዲት የሦስተኛ ዓመት ተማሪ፣ የሠራችውን ጨዋታ ገና ስላላማረ ለማንም ማሳየት እንደምታፍር ገልጻ መቼ ማሳየት እንዳለባት ጠየቀችኝ። ጨዋታው ስልኳ ላይ እንዳለ ጠየቅኋት፤ አለ አለችኝ። ወደ መድረኩ እንድትመጣ ጋበዝኋትና ከታዳሚው መካከል ጨዋታውን አይቶት የማያውቅ አንድ ልጅ እጁን እንዲያወጣ ጠየቅሁ። ከኋላ ረድፍ አንዱ ተነሣ። ስልኩን እንድትሰጠው፣ ከዚያም አንድም ቃል እንዳትናገር ነገርኋት። እጇን አፏ ላይ አድርጋ ከጎኑ ቆመች፤ ልጁም መጫወት ጀመረ።